የሰርግ ብሉሬይ ዲስክን ለስልክ፣ ለቲቪና ለፍላሽ መቀየር፦ ከኮፒ እስከ መጨረሻው ፋይል

የሰርጋችሁ፣ የምርቃታችሁ ወይ የክርስትናው ቪዲዮ በብሉሬይ ተሰርቶ ከተሰጣችሁና አሁን ቤት ውስጥ የሚያጫውተው ነገር ከጠፋ ይሄ መመሪያ ለናንተ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ዲስኩን ላፕቶፕ ውስጥ ከትቶ ያገኘውን ኮንቨርተር ዳውንሎድ አድርጎ ቀጥታ ከዲስኩ ላይ መቀየር መጀመር ነው፤ ከዛ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ወይ ድምጽ የሌለው ፋይል ይወጣል፣ ወይ ደግሞ ሲከፍቱት የሜኑው ሙዚቃ ብቻ ተቀይሮ ይገኛል። ፕሮግራም ቢቀያየር ይሄ አይስተካከልም፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ ከዛ 2 ደቂቃ ብቻ ትሞክራላችሁ፣ ሙከራውን በስልኩም በቲቪውም ካያችሁ በኋላ ነው ሙሉውን የምታስጀምሩት። ይሄን ቅደም ተከተል አትዝለሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ እዚህ የማወራው ቪዲዮ ቤት አቃጥሎ ስለሰጣችሁ ወይ በራሳችሁ ካሜራ ስለተሰራ ዲስክ ነው። ሱቅ የሚሸጠው የሲኒማ ፊልም ኮፒ እንዳይደረግ ተቆልፎ ነው የሚወጣው፣ ከታች የምንጠቀምበት ሃንድብሬክ የሚባለው መቀየሪያ ፕሮግራምም ያን ቁልፍ አይከፍትም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ቁልፉን መስበር በ1998 በወጣው የዲጂታል ኮፒራይት ህግ የተከለከለ መሆኑን እወቁ። የሰርግ ዲስክ ግን ቁልፍ የለውም፣ ስለዚ ምንም መስበሪያ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም፣ ይሄን ክፈሉና እንከፍትላችኋለን የሚሉትን እለፏቸው።

ደረጃ 1፦ የያዛችሁት ዲስክ ምን እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ክብ ነገር "ሲዲ" ስለሚባል ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ይሳሳታል። ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ነው የሚይዘው፣ ድርብ ከሆነ 8.5። ብሉሬይ ነጠላው 25 ጊጋ፣ ድርቡ 50 ጊጋ። የላፕቶፕ ዲቪዲ ድራይቭ ብሉሬይን በፍጹም አያነብም፤ ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ሌዘር ሲሆን ብሉሬይ የሚነበበው ሞገዱ በጣም ባጠረ ሰማያዊ ወደ ሃምራዊ በሚያደላ ሌዘር ነው፣ ያ ሌዘር ደግሞ ዲቪዲ ድራይቭ ውስጥ የለም። ስለዚ ዲስኩን ስታስገቡት ትንሽ ከዞረ በኋላ "ዲስክ አስገባ" ካላችሁ ዲስኩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፣ ምናልባት ድራይቩ ነው የማይችለው።

ዲስኩ ከተነበበ በፋይል ማሳያው ክፈቱትና ፎልደሩን እዩ።

• ቢዲኤምቪ የሚል ፎልደር ካለ ብሉሬይ ነው፣ ወይ ደግሞ ኤቪሲኤችዲ የሚባለው፣ ማለትም ኤችዲ ቪዲዮ በዲቪዲ ላይ የተቃጠለ። ሁለተኛው በተራ ዲቪዲ ድራይቭ ይነበባል፣ እድለኛ ከሆናችሁ የናንተ እሱ ነው።
• ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ካለ ተራ ዲቪዲ ነው። ከታች ያለው አብዛኛው ነገር ይሰራላችኋል ግን ኤችዲ አይደለም፣ 1080 (ሙሉ ኤችዲ) ብላችሁ ብታስተካክሉትም ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ጥራት አይጨምርም።
• ኤምፒፎር ወይ ኤምኦቪ ፋይል ብቻ ካለ ጨርሳችኋል፣ ኮፒ አድርጉና ወደ ደረጃ 9 እለፉ።

ውጭ ሀገር ላላችሁ፦ አዲስ አበባ የተቀረጸ ሰርግ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ነው። ብዙ የአሜሪካ ብሉሬይ ማጫወቻዎች ደግሞ ለ30 እና ለ24 ፍሬም የተሰሩ ስለሆኑ ዲስኩን ያነቡትና ምስል አያወጡም፣ ወይ "ይሄ ዲስክ አይጫወትም" ይላሉ። ከሀገር ቤት የተላከላችሁ ዲስክ እንደዛ ካደረገ የሪጅን ኮድ (ዲስኩ ከተሸጠበት አካባቢ ውጭ እንዳይጫወት የሚያደርግ ገደብ) ነው ብላችሁ ሌላ ማጫወቻ ለመግዛት አትሩጡ፤ የሪጅን ኮድ የሚገባው ለንግድ በሚወጡ ፊልሞች ላይ ነው። ኮምፒውተር ለፍሬሙ ቁጥር ግድ የለውም፣ ወደ ፋይል ስትቀይሩት ችግሩ ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ እቃውን አዘጋጁ

1. የብሉሬይ ድራይቭ። በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ድራይቭ በቂ ነው። ስትገዙ "ብሉሬይ" የሚል ጽሁፍ እንዳለበት አረጋግጡ፣ በመልክ ከዲቪዲው አንድ አይነት ነው። መግዛት ካልፈለጋችሁ ዲስኩን የሰራላችሁ ቪዲዮ ቤት ጋር ደውሉ፣ የሚያቃጥል ሰው የሚያነብ ድራይቭ አለው፣ ሃርድ ዲስካችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት። እንዲቀይርላችሁ ሳይሆን ኮፒ እንዲያደርግላችሁ። ቀይሮ ከሰጣችሁ በምን ጥራት እንደቀየረው አታውቁም።

2. ባዶ ቦታ። ለነጠላ ዲስክ ቢያንስ 40 ጊጋ፣ ለድርቡ 70 ጊጋ። ሰርግ አንድ ዲስክ፣ መልስና ቅልቅል ሌላ ዲስክ ከሆነ እጥፍ አስቡት።

3. የሃርድ ዲስኩ ፎርማት። ይሄን ሰው አያየውም፣ ብዙ ስራ የሚቆመውም እዚህ ነው። ሃርድ ዲስኩ ወይ ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ 500 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም አይቀበልም። የብሉሬይ አንድ ፋይል ብቻውን 20 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ ፋይል ሲስተም የሚለውን አንብቡ። ኤንቲኤፍኤስ ወይ ኤክስፋት መሆን አለበት። ካልሆነ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፣ ፎርማት ግን በላዩ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ያለውን ነገር ወደ ሌላ ቦታ አውጡ። ዊንዶውስም ማክም የምትጠቀሙ ከሆነ ኤክስፋት አድርጉት።

4. ፕሮግራሞች። ሶስቱም ነጻ ናቸው፦ ቪኤልሲ ለማየት፣ ሃንድብሬክ ለመቀየር፣ ኤምኬቪ ቱልኒክስ ለመቁረጥና ለመቀጠል። ሃንድብሬክን ከራሱ ገጽ ብቻ አውርዱ፣ አድራሻው በኤፍአር ነው የሚያልቀው። በስሙ ተመሳስለው የተሰሩ ገጾች አሉ፤ ኦሪጅናሉ ራሱ በ2017 ከማውረጃ ሰርቨሮቹ አንዱ ተሰብሮ የማክ ተጠቃሚዎች ቫይረስ ያለበት ፋይል አውርደው ነበርና ካገኛችሁበት ሁሉ አታውርዱ። ዊንዶውስ ላይ ስትከፍቱት ዶትኔት ዴስክቶፕ ራንታይም ጫን ካላችሁ እሺ በሉት፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ነው የሚወርደው።

ኦንላይን ኮንቨርተር የሚባሉትን እርሱ። 25 ጊጋ አፕሎድ ማድረግ በኛ ኢንተርኔት የማይታሰብ ነው፣ ቢቻልም የቤተሰባችሁን ሰርግ ለማታውቁት ሰርቨር አሳልፎ መስጠት ነው።

ደረጃ 3፦ ዲስኩን አጽዱ

በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ፣ የመነጽር መጥረጊያ አይነት፣ ከመሃል ወደ ውጭ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ክብ እያዞራችሁ አትጥረጉ፣ ዳታው የተጻፈው በዙሪያው ስለሆነ ክብ የሆነ ጭረት ከቀጥታው የባሰ ይጎዳል። ቆሻሻው ካልለቀቀ ጨርቁን በውሃ ትንሽ አርጥቡ፣ አልኮልና ቤንዚን ምናምን ተዉት።

የጥርስ ሳሙና መቀባት የሚባለውን ነገር ብሉሬይ ላይ በፍጹም አትሞክሩ። ሰው ለሲዲና ለዲቪዲ ሲያደርገው ታያላችሁ፣ ብሉሬይ ላይ ግን ዳታው ከሚያብረቀርቀው ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው ገባ የሚለው፣ ዲቪዲ ላይ 0.6 ነው። ገጹ ላይ ጠንካራ መከላከያ ስስ ሽፋን አለው፣ እሱን ፍቃችሁ ካነሳችሁት የሚተካው የለም።

ደረጃ 4፦ እንዳለ ኮፒ አድርጉ

1. የድራይቩን ገመድ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፣ ማከፋፈያ ላይ አይሁን። ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ከሆነ ሁለቱንም ሰኩ፣ ሁለተኛው ለመብራት ነው። ድራይቩ እየጮኸ ከጠፋና ተመልሶ ከመጣ የመብራት ማነስ ነው፣ ዲስኩ አይደለም።
2. ሃርድ ዲስካችሁ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱ፣ ስሙን በላቲን ፊደል አጭር አድርጉት፣ አንዳንድ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ያለበትን መንገድ በደንብ አያነብም።
3. ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ቢዲኤምቪንም ሰርተፊኬት የሚለውንም፣ ምርጥ ነገር መርጣችሁ ሳይሆን በሙሉ ኮፒ ፔስት አድርጉ። ዋናው ቪዲዮ ያለው ስትሪም የሚለው ፎልደር ውስጥ ቢሆንም ፕሌይሊስት የሚለው ከሌለ የትኛው ፋይል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ማወቅ አይቻልም።
4. ጠብቁ። በዝቅተኛው ፍጥነት ሙሉ 25 ጊጋ ለማንበብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ አብዛኛው ድራይቭ ከዛ ይፈጥናል። ላፕቶፑ ስሊፕ እንዳይገባ ፓወር ሴቲንግ ላይ "ኔቨር" አድርጉት።
5. ሲያልቅ የዲስኩን ሳይዝና የኮፒውን ሳይዝ አወዳድሩ። ከዛ በቪኤልሲ ትልቁን ፋይል ክፈቱና መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እዩ። መጨረሻውን እንዳትረሱ፣ ዲስክ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ዳር ዳሩ ነው፣ ነጠላ ዲስክ ላይ ደግሞ ጽሁፉ የሚጀምረው ከመሃል ስለሆነ ዳሩ ላይ ያለው የቪዲዮው መጨረሻ ነው።

ኮፒው መሃል ላይ ካቆመ

"ሳይክሊክ ሪደንዳንሲ" የሚል መልእክት ከመጣ ድራይቩ አንድ ቦታ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ዲስኩን አውጡ፣ እንደገና አጽዱ፣ ድራይቩ ሞቆ ከሆነ ትንሽ አሳርፉት፣ ድጋሚ ሞክሩ። ካልሆነ ሌላ ድራይቭ ሞክሩ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አንዱ ድራይቭ የተፋውን ሌላው ድራይቭ በእርጋታ ሲያነበው በጣም የተለመደ ነው። እሱም ካልሰራ ችግር ያለበትን ቦታ እየዘለለ የቀረውን የሚያወጣ ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ ዊንዶውስ ላይ አንስቶፐብል ኮፒየር፣ ሊኑክስ ላይ ዲዲ ሬስኪው አለ። ከተጎዳው ቦታ ጥቂት ሰከንድ ምስሉ ይሰባበር ይሆናል፣ የቀረው ሰርግ ግን ይተርፋል።

እንግዲህ ቀጥታ ከዲስክ አትቀይሩ ያልኩት ለዚ ነው። ኮንቨርተር እየቀየረ እያለ ማንበብ ያልተቻለ ቦታ ካጋጠመው አንዳንዱ ይቆማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ዘሎ ያልፍና የጎደለውን የምታውቁት ዲስኩን ከጣላችሁ በኋላ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ዋናውን ቪዲዮ ለዩ

ስትሪም ፎልደር ውስጥ 00000፣ 00001፣ 00002 እያለ የሚሄድ ዝርዝር ታያላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አጭሩና ትንሹ ሜኑ ነው። በሳይዝ ደርድሯቸው፣ እያንዳንዱን በቪኤልሲ ክፈቱና ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ይሄ ሙሽራዋ ቤት፣ ይሄ አዳራሽ፣ ይሄ መልስ። አሰልቺ ነው ግን በኋላ አንድ ሙሉ ሌሊት ያድንላችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። ጥራቱ ምንም ሳይነካ አንድ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ኤምኬቪ ቱልኒክስን ክፈቱ፣ ፕሌይሊስት ፎልደር ውስጥ ካሉት ፋይሎች ዋናውን አስገቡለት፣ ተከታታዮቹን ክፍሎች በትክክለኛው ቅደም ተከተል አያይዞ አንድ ኤምኬቪ ያወጣላችኋል። ምስሉን እንደገና ስለማይጨምቀው በደቂቃዎች ያልቃል፣ ሳይዙ ግን ያው ትልቅ ነው። እኔ ቦታ ላለው ሰው ይሄን ለማስቀመጫ፣ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ለማያ እንዲያደርግ ነው የምመክረው።

ደረጃ 6፦ ሃንድብሬክ ላይ ሴቲንጉን አስተካክሉ

1. ሃንድብሬክን ክፈቱ፣ ፎልደር ምረጡ። የምትመርጡት ቢዲኤምቪን በውስጡ የያዘውን ፎልደር ነው፣ ራሱን ስትሪምን አይደለም። ስካን ካደረገ በኋላ ላይ ታይትል በሚለው ዝርዝር ውስጥ የደቂቃ ርዝመታቸው ይታያል፣ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩና ምረጡ። "ኖ ቫሊድ ሶርስ" ካለ ስትሪም ውስጥ ገብታችሁ አንዱን ፋይል ለብቻው ክፈቱለት።

2. ፕሪሴት፦ ፋስት 1080ፒ 30 ምረጡ። 30 የሚለው ጣሪያ ነው እንጂ 25ን ወደ 30 አይቀይርም።

3. ፎርማት፦ ኤምፒፎር።

4. ቪዲዮ የሚለው ታብ፦ ኮዴክ (ቪዲዮው የሚጨመቅበት መንገድ) ኤች 264 ይሁን። ኤች 265 ሳይዙን ደህና አድርጎ ይቀንሳል ግን እናትና አባት ቤት ያለው የቆየ ቲቪ አይከፍተውም፣ አንድ ፋይል ሁሉም ጋ እንዲሰራ ከፈለጋችሁ 264 ላይ ቆዩ። ኳሊቲ አርኤፍ የሚለው ቁጥር ሲያንስ ጥራት ይጨምራል፣ ሲበዛ ሳይዝ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያስበው። ለ1080 ከ20 እስከ 24 ነው ሃንድብሬኮች ራሳቸው የሚመክሩት። ለሰርግ 20 ወይ 21 እላለሁ፣ ምክንያቱም የሀበሻ ቀሚስ ጥለትና የነጠላው ጥበብ ደቃቅ ስለሆነ 24 ላይ ይደበዝዛል፣ መብራት በደበዘዘበት አዳራሽ ደግሞ ጀርባው በካሬ በካሬ ይሰባበራል።

5. ፊልተርስ የሚለው ታብ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ የሰርግ ብሉሬይ 1080አይ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት ግማሽ የተሰፋ፣ አንዱ ጎዶሎ መስመሮች ሌላው ሙሉ መስመሮች። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም አይታይም፣ እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ አግድም መስመር ይወጣል። ፕሪሴቱ ዲኮምብ የሚለውን አብርቶ ነው የሚመጣው፣ አታጥፉት። መስመሩ ካልጠፋ ኢንተርሌስ ዲቴክሽንን አጥፉና ዲኢንተርሌስ ላይ ብዊዲፍ ወይ ያዲፍ ምረጡ፣ ያኔ ሁሉንም ፍሬም ያስተካክላል።

ጭፈራው ልክ እንደ ዲስኩ ለስላሳ እንዲሆን ለምትፈልጉ፦ ዲኢንተርሌስ ፕሪሴቱን ቦብ አድርጉና ቪዲዮ ታብ ላይ ፍሬም ሬቱን 50 አድርጉ። ይሄን ካልቀየራችሁ የ30ው ጣሪያ የተጨመረውን ፍሬም ይጥለዋል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ግን 1080 በ50 ፍሬም የቆየ ቲቪ አይችለውም፣ ለስልክና ለአዲስ ቲቪ ብቻ አድርጉት። ለቆየ ቲቪ 50 ፍሬም የግድ ካላችሁ ዳይሜንሽን ላይ ወደ 720 አውርዱት።

6. ኦዲዮ የሚለው ታብ፦ ኤኤሲ ስቴሪዮ፣ 160 ወይ 192። ፓስትሩ (ድምጹን ሳይቀይር እንዳለ የሚያሳልፍ) የሚል ከተመረጠ ቀይሩት። ዲስኩ ላይ ያለው ድምጽ ኤሲ3 ወይ ኤልፒሲኤም ነው የሚሆነው፣ ብዙ ስልክ ኤሲ3ን በራሱ ማጫወቻ አይከፍተውም፣ "ምስል አለ ድምጽ የለም" የሚባለው ቅሬታ በብዛት ከዚህ ነው። ከ128 በታች አትውረዱ፣ እልልታና ከበሮ አንድ ላይ ሲመጡ ድምጹ ይሰነጠቃል።

7. ሌላውን አትንኩ። በተለይ ሻርፕን፣ ዲኖይዝ ምናምን የሚሉትን ማብራት ሰዓቱን እጥፍ ያደርጋል እንጂ ምስሉ ሁሌ አያምርም።

ደረጃ 7፦ የ2 ደቂቃ ሙከራ

ሬንጅ የሚለውን ከቻፕተር ወደ ሰከንድስ ቀይሩና ጭፈራ ያለበትን 2 ደቂቃ ምረጡ። ለምን ጭፈራ? እንቅስቃሴም፣ ብልጭልጭ መብራትም፣ ከፍ ያለ ድምጽም አንድ ላይ ስላለ፣ እዛ ላይ ያማረ ፋይል ሌላው ቦታ ላይ አያስቸግርም። ስታርት ኢንኮድ በሉ።

የወጣውን ፋይል ስልኩ ላይ፣ ቲቪው ላይ፣ ሌላ ሰው ጋ የሚላክ ከሆነም እዛ ሰው ስልክ ላይ እዩት። ሶስት ነገር አጣሩ፦ መስመር አለ ወይ፣ ከንፈርና ድምጽ ይገጥማል ወይ፣ ምስሉ ተወጥሯል ወይስ ልክ ነው። ከዛ የፋይሉን ሳይዝ በ30 አባዙት፣ የአንድ ሰዓት ሳይዝ ነው የሚሰጣችሁ። ጭፈራው ከሌላው ስለሚከብድ እውነተኛው ከዛ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከበዛ አርኤፉን በ1 ጨምሩና እንደገና 2 ደቂቃ ሞክሩ።

ደረጃ 8፦ ሙሉውን አስጀምሩ

ሬንጁን ወደ ሙሉ ቻፕተር መልሱ (ይሄን ረስቶ ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ የ2 ደቂቃ ፋይል የሚያገኝ ሰው አለ)፣ እያንዳንዱን ታይትል አድ ቱ ኪው እያላችሁ አሰልፉ፣ የእያንዳንዱን ስም ለዩ፣ አለበለዚያ አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ አልጋ ወይ ብርድ ልብስ ላይ አየር ማስገቢያው ይዘጋና ሙቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሶስት ሰዓት ቪዲዮ በቆየ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። በጣም ከዘገየ ኮዴኩ ላይ ኩዊክ ሲንክ ወይ ኤንቪኤንሲ (በኮምፒውተሩ ግራፊክስ ቺፕ የሚቀይሩ ናቸው) የሚል ካለ እሱን ምረጡ፣ ብዙ ይፈጥናል፣ ለተመሳሳይ ጥራት ግን ፋይሉ ከፍ ይላል።

መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ

ኤምፒፎር ሳያልቅ ከተቋረጠ ፋይሉ አይከፈትም፣ 90 ፐርሰንት ቢደርስም አይከፈትም፣ ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ። ሃንድብሬክ ሲከፈት ያቋረጠውን ኪው ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃል ግን ስራውን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ስለዚ ሁለት መንገድ አለ። ባትሪው ጥሩ ከሆነ መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ የውጭ ሃርድ ዲስኩ ግን ከግድግዳ መብራት የሚሰራ እንዳልሆነ አረጋግጡ፣ ከሆነ ኮፒውንም ውጤቱንም ላፕቶፑ ውስጥ አድርጉት። ባትሪው ከደከመ ደግሞ ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርጉና ሬንጁን ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየከፈላችሁ ኪው ላይ ደርድሩ፤ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የአንዱ ክፍል ስራ ብቻ ነው። ሁሉም ሲያልቅ ኤምኬቪ ቱልኒክስ ላይ አፔንድ የሚለውን ተጠቅማችሁ ቀጥሏቸው፣ የሁሉም ሴቲንግ አንድ አይነት እስከሆነ ድረስ ያለችግር ይገጣጠማል።

ደረጃ 9፦ ወደ ስልክ፣ ፍላሽና ቴሌግራም

አንድሮይድ ስልክ፦ በዩኤስቢ ገመድ አገናኙ፣ ስልኩ ላይ "ፋይል ትራንስፈር" ምረጡ፣ ሙቪስ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጉ። ሜሞሪ ካርዱ 32 ጊጋና ከዛ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፋት 32 ነው፣ የ4 ጊጋው ገደብ እዚህም አለ።

አይፎን፦ ቪኤልሲ ከአፕ ስቶር አውርዱና በኮምፒውተር ፋይል ሼሪንግ በኩል አስገቡበት።

ቲቪ፦ ብዙ የቆየ ቲቪ ፋት 32 ፍላሽ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ፋይላችሁ ደግሞ 5 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥራቱን አትቀንሱ፣ ቁረጡት። ኤምኬቪ ቱልኒክስ አውትፑት ላይ ስፕሊት የሚል አለው፣ በሳይዝ ምረጡና 3 ጊጋ ስጡት። ቲቪው ኤምኬቪ ካልከፈተ ሃንድብሬክ ላይ በሬንጅ ለሁለት ከፍላችሁ ኤምፒፎር አውጡ።

ቴሌግራም፦ ነጻው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ፣ ፕሪሚየሙ እስከ 4 ጊጋ ይቀበላል። ስትልኩ "ፋይል" በሚለው ላኩ፣ ከጋለሪ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ስልኩ ጨምቆ ነው የሚልከው፣ ያ ሁሉ ድካም ይባክናል። ዋትሳፕም እንደ ዶክዩመንት ከሆነ እስከ 2 ጊጋ ይወስዳል።

እንደዚህ ከሆነ እንደዚህ አድርጉ

ምስል አለ ድምጽ የለም፦ ደረጃ 6 ቁጥር 6። ኤኤሲ አይደለም ማለት ነው።

ድምጹ ቀስ በቀስ ከምስሉ ይርቃል፦ ቪዲዮ ታብ ላይ ፒክ ፍሬምሬት የሚለውን ኮንስታንት አድርጉ። አንዳንድ ቲቪ ተለዋዋጭ ፍሬም አይከተልም።

አሜሪካ ያለ የቆየ ቲቪ ፋይሉን "አልደግፍም" ይላል፣ ሌላው ፋይል ግን ይሰራል፦ 25 ፍሬሙን ነው የጠላው። ለዛ ቲቪ ብቻ 30 ኮንስታንት ብላችሁ ሌላ ኮፒ አውጡ። እንቅስቃሴው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚ ይሄን ዋናው ፋይላችሁ አታድርጉት።

ቪዲዮው ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፦ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ በቪኤልሲ እዩት። እዛ ደህና ከሄደ ፍላሹ ዘገምተኛ ነው ወይ ቲቪው አልቻለም፣ አርኤፍ 23 አድርጉና 2 ደቂቃ ሞክሩ። ላፕቶፑም ላይ ከተቆራረጠ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፣ ኮፒው ላይ የተጎዳ ቦታ አለ።

ከሚጠበቀው ሰዓት ያጠረ ፋይል ወጣ፦ ወይ ሬንጁ አልተመለሰም፣ ወይ ቪዲዮው ብዙ ክፍል ሆኖ አንዱን ብቻ ነው የቀየራችሁት። በደረጃ 5 የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡ።

ፎልደሩን ከመሰረዛችሁ በፊት

የኮፒውን ፎልደር ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ ቶሎ አታጥፉ። የተቀየረው ፋይል በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ እስኪቀመጥ፣ አንዱም ከቤት ውጭ እህት ወይ ወንድም ጋ እስኪሆን ጠብቁ፣ ፋይሉንም አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይየው፣ አያት ካሉ ከሳቸው ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ማን ማን እንደሆነም ያን ጊዜ ጻፉ። ዲስኩን ራሱን አትጣሉት፤ ስቲከር አትለጥፉበት፣ በእስክሪብቶ አትጻፉበት፣ በሳጥኑ ውስጥ አቁማችሁ ጸሃይና ሙቀት የማያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።